መሃለኛው ኢብራሂም ሙሜ

«ኢብራሂም ሙሜ አረፈ» የሚለው ስልክ ሲደርሰኝ ሸዋ በር ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። የደወለችልኝ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት፤ ለሌላ ሰው ልትነግር ቸኩላ ወዲያው ዘጋችው። እኔም ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት «የትኛው?» የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ቲማቲም ሻጯ ሰምታኝ ኖሮ፣ ሚዛኗን ሳታወርድ፣ ሽማግሌው ይሆናሉ እንጂ ሌላማ ማን ሊሆን ነው ብላ መለሰችልኝ። የማንን ስም እንደሰማሁ እንኳ አልነገርኳትም፤ ወሬው ከእኔ በፊት እሷ ዘንድ ደርሷል።

ሐረር ውስጥ ኢብራሂም ሙሜ የሚባሉ ስመ ጥር ስፖርተኞች ሦስት ናቸው፤ አንዱም ከሌላው አይዛመድም። የመጀመሪያው በንጉሡ ዘመን ከድሬዳዋ ሐረር የተደረገውን የቢስክሌት ውድድር ያሸነፉት ሐጂ ኢብራሂም ናቸው። ሁለተኛው በደርግ ጊዜ በግራ ክንፍ ኳስ የተጫወተው ልብስ ሰፊው ጋሽ ኢብሮ ነው። ሦስተኛው ዛሬ በቦክስ የገነነው ጎረምሳ ነው። የሦስቱም አባት ሙሜ መባሉ የውጭ ሰው ይገርመው ይሆናል እንጂ እኛን አይገርመንም፤ በግንብ የታጠረው ጁገል ገብታችሁ «ሙሜ» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ሰፈር አቤት ይላችኋል። ሰው እንዳይምታታበት ቢስክሌቱ፣ መሃለኛው፣ ትንሹ እያለ ይለያቸዋል፤ የሞት ወሬ የሰማ ሰው ግን ይህን ሁሉ ይረሳዋል።

እኔም እንደ ቲማቲም ሻጯ ሐጂ ናቸው ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ባጃጅ ይዤ ፈረስ መጋላ ወረድኩና በጠባቡ መንገድ በእግሬ ገባሁ። ሐጂ በራቸው ላይ ዱካ አስወጥተው ተቀምጠው ጫማቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ገና ሲያዩኝ ከጠዋት ጀምሮ ሰው እሳቸውን ሊቀብር እየመጣ መሆኑን ነገሩኝ፤ አንዲት ጎረቤታቸው ጭራሽ እያለቀሰች ገብታ ሻይ አስቀርበውላት እንደሄደች ነገሩኝና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረና ብሩሹን አስቀመጡት። «መሃለኛው ነው ልጄ» አሉኝ። «ይቀብረኛል ያልኩትን ልቀብር ጫማዬን እየጠረግሁ ነው።» ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት መልስ ደረቱን ይዞት፣ ቤቱ ሳይደርስ ነው አሉ ያለፈው። ቲማቲሜን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ ያለቀስኩትን ለቅሶ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማልቀሱ በዚህ ይብቃኝና ስለ ሰውየው ልንገራችሁ። ጋሽ ኢብሮ ሰው ፊቱን ቋጥሮ ሲያወራ ካየ «ምን ሆንሽ፣ ጎል ገባብሽ?» የሚል ሰው ነበር፤ ለእሱ ፊት መቋጠር አይገባም።

የተዋወቅነው በማልያ ነው። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን ቡድን ማልያ ቁጥር የሚሰፋልኝ ስፈልግ መኪና ግርግር ሂጂ አሉኝ። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስለሚንጣጣበት ነው እንዲህ የተባለው። ጋሽ ኢብሮ ከአንድ በር ሥር፣ ረጅም ቁመቱን መኪናው ላይ አጥፎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ተቀምጦ ነበር። መኪናውን የሚረግጠው በግራ እግሩ ብቻ ነው። ቀኙስ ምን ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም አልሆነም፣ እሱ ተመልካች ነው አለኝ።

ማልያዎቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ አያቸውና አስራ አንድ ቁጥርን ለይቶ መለሰልኝ። አስራ አንድ የሚለብሰው ልጅ ግራ እግር አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት እግር አለው ብዬ ብመልስለት አልሳቀም፤ ልጁን ካላየሁት ቁጥሩን አልሰፋም ብሎ ድርቅ አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ልጁን ይዤ ስመጣ ከመንገዱ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስቶ ምታ አለው፤ ልጁ በቀኙ መታ። ጋሽ ኢብሮ ሰባት ቁጥር ሰፍቶ ሰጠው። ጎረቤቶቹ ልብስ ሰፊዎች ሥራ አቁመው ሲስቁብኝ አስታውሳለሁ፤ እሱ ራሱ አስራ አንድ ቁጥር እንደነበረ የነገሩኝ ያኔ ነው።

በጉብዝናው ያገባውን ጎል ታሪክ ያልሰማ ደንበኛ ከዚያ በር ሥር አይወጣም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ቆሞ ይሰማል፤ እሱ እየሰፋ ያወራል። ጨዋታው ከድሬዳዋ ከመጣ ቡድን ጋር ነው። ዝናብ ነው። ሰዓቱ አልቋል፣ ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ አስገብቷል። ኮርነር ተገኘ። አስራ አንድ ቁጥር ኢብራሂም ሙሜ ከቀኝ በኩል በግራ እግሩ መታት፤ ኳሷ ማንም ሳይነካት ታጥፋ ገባች። የድሬዳዋው በረኛ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ፎቶ አንሺው ካሜራው ዝናብ እንዳይመታበት ጣሪያ ሥር ገብቶ ስለነበር ፎቶ የለም። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ መኪናውን ያቆምና ክሩን ይበጥሳል።

ይህን ጎል አንድ ሰው ብቻ አያምንለትም፤ እሷም ባለቤቱ ፋጡማ ናት። ከባቢሌ ያገባት ከጎሉ በኋላ ስለሆነ አላየችም። ምሳውን ይዛ ስትመጣ ወሬው ላይ ከደረሰች ሳህኑን ታስቀምጥና፣ አቦ ተወን፣ ሐጂም እኔ ነኝ ይላሉ፣ አንተም እኔ ነኝ ትላለህ፣ እኔ በማን ልመስክር ትላለች። መኪና ግርግር በሙሉ ይስቃል። እሱም ይስቃል፤ ግን የሱ ሳቅ ከሰው ሳቅ ቶሎ ያልቃል። ልጆቹን አስተምሯል፣ ሰው ያከብረዋል፤ በዚህ ዓለም የቀረበት አንድ ነገር ቢኖር ፋጡማ ጎሉን እንድታምንለት ብቻ ነበር። ይህን ራሱ ነግሮኛል፤ ሲነግረኝም አልቀለደም።

ፋጡማ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐጂ እውነትም እኔ ነኝ ይሉ ነበር። ከአባቱ ስለ ኢብራሂም ሙሜ ጎል የሰማ ወጣት ሰውየውን ሲያፈላልግ፣ የሚጠቁሙት ትልቁን ነው። ሄዶ ያ የኮርነር ጎል የርስዎ ነው ወይ ሲላቸው ሐጂ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «አልሃምዱሊላህ፣ በግራ ነበረች» ይሉታል። ከዚያ ወጣቱ ይቀመጣል፣ ሐጂ ይተርካሉ። አንዴ ጭራሽ ሁለት ጎል አድርገውት ኖሮ ወሬው መኪና ግርግር ሲደርስ ጋሽ ኢብሮ መርፌ ጣቱን ወጋው።

እንግዲህ ጎሉን የተበላ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን ሄጄ በራቸው ላይ እጮህ ነበር። ጋሽ ኢብሮ ግን ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። እሱ ላይ በስህተት የመጣን ነገር ሁሉ ለባለቤቱ ያደርሳል። የቢስክሌቱ ጀግና አንተ ነህ የሚለው ሰው ከመጣ «አይደለሁም» አይለውም፤ ቀስ ብለህ ተናገር፣ አደርሳለሁ ይለዋል። ከዚያም ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ በቀጥታ ሐጂ ቤት ሄዶ ምስጋናውን ሳያጎድል ሳይጨምር ያስረክባል። ዛሬ ከአወዳይ የመጣ የጫት ነጋዴ በውድድሩ የወጡትን የደንገጎ ዳገት አንስቶ መረቀዎት ይላል። ሌላ ቀን ከሐረማያ የመጡ አንድ ሽማግሌ እንደርስዎ ያለ ጉልበት አላየሁም ብለዋል ይላል። ሐጂ አሜን አሜን እያሉ ይቀበላሉ። በስተርጅና የቀረቻቸው ደስታ ይህች የጁምዓ ምስጋና ናት ይባል ነበር።

ስድብም ቢሆን ያደርሳል። አንድ ቀን ቁጣው ያንቀጠቀጠው ሰውዬ ከድሬዳዋ መጥቶ፣ ኢብራሂም ሙሜ ማነው፣ የእህቴን ልጅ በቦክስ አፍንጫውን የሰበረው ማነው ብሎ መኪና ግርግርን አመሰው። ጋሽ ኢብሮ መነጽሩን አውልቆ እኔ ነኝ አለ። ሰውዬው ይህን ቀጭን ሽማግሌ፣ ሜትሩን፣ የተጎነበሰ ትከሻውን አየና ግራ ገባው፤ ግን ከድሬዳዋ ድረስ ይዞት የመጣውን ስድብ መልሶ ይዞ ላለመሄድ አወረደበት። ጋሽ ኢብሮ እስከ መጨረሻው ሰማ። መሃል ላይ ያመለጠችውን አንዷን ድገምልኝ አለው። ማታን ሳይጠብቅ፣ እዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ትንሹ ኢብሮ የሚሠራበት ጂም ሄዶ፣ ወጣቱን ከልምምድ አስቁሞ፣ ስድቡን እንደተቀበለው አስረከበው። ትንሹ ኢብሮ ላቡን እየጠረገ «የቀረ አለ?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ከዚያ ይቅርታና ሰላምታ ላከ፤ ያም ድሬዳዋ ደረሰ።

እኔ አንድ ቀን ተናድጄ ጠየቅሁት። ሐጂ ጎልህን እየበሉ አንተ ቢስክሌታቸውን ተሸክመህ የምትዞረው ምን ነክቶህ ነው አልኩት። «አማና ነው ቲቸር፣ የሰው አደራ» አለኝ። «በስሜ የመጣ ሁሉ የኔ አይደለም፤ ለባለቤቱ ሳላደርስ ብሞት ምን እላለሁ?» አንቱ ብዬ ስጠራው እንኳ አንተ በዪኝ ያለኝ በዚሁ ሕግ ነው። አንቱታው የሐጂ ነው፣ ወደኔ ከላክሽው ደግሞ ተሸክሜ ማድረስ ሊኖርብኝ ነው ብሎ አስቆመኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማው የቀድሞ ስፖርተኞችን የሚያከብር ኮሚቴ ተቋቋመ። ለሚከበሩት ሰዎች ካባ ይደረብላቸዋል ተባለና የካባው ስፌት ጋሽ ኢብሮ ጋ መጣ። ጥቁር ከፋይ ጨርቅና የወርቅ ቀለም ያለው ጥልፍ ይዞ የመጣው የኮሚቴው ሰው ሱፍ የለበሰ ቀልጣፋ ወጣት ነበር፤ እኔም የመረብ ኳስ ቡድኔን ቁምጣ ልወስድ ሄጄ እዚያው ቆሜያለሁ። ወጣቱ የሌሎቹን ሰዎች ቁመት ነገረውና በመጨረሻ፣ ያንተን እንግዲህ በራስህ ልክ ስፋው ብሎ ጨበጠው። የጋሽ ኢብሮ ግራ እግር ከመርገጫው ላይ ቆመ።

በምን ምክንያት ነው የምከበረው ብሎ ጠየቀ። በሁለቱም ነዋ፣ በቢስክሌቱም በኳሱም አለው ወጣቱ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ አንዱ ኢብራሂም ሙሜ ቢስክሌት አሸነፈ ይላል፣ ሌላው ኢብራሂም ሙሜ ጎል አገባ ይላል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሰውየው አንድ ነው፣ በወጣትነቱ ቢስክሌት ነድቶ ሲጎለምስ ወደ ኳስ ዞሯል ብሎ ወሰነ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ በቁምጣው አፌን ያዝኩ። ጋሽ ኢብሮ አልሳቀም። ሁለት ነን አለ።

ወጣቱ ደነገጠ። ዝግጅቱ አልቋል፣ የሚከበሩት ሰዎች ስም ተነግሯል፣ በዚህ ስም የተፈቀደችው አንዲት ካባና አንዲት ወንበር ናት። ወደ ኋላ ተመልሶ ኮሚቴውን ከመሰብሰብ ሞት የሚሻለው ይመስላል። እናንተው ተስማሙና አንዳችሁ ኑ ብሎ፣ ጨርቁን ጥሎ፣ ወደ ፈረስ መጋላ ሽቅብ ሮጠ።

ጋሽ ኢብሮ የሌሎቹን ካባ ቀዶ ሰፋ፤ አንዷ ቀረች። የልብስ ሰፊ ችግሩ መቀስ ነው፤ አንዴ ከገባ የሚመለስ ነገር የለም። ሐጂ ቁመታቸው ከኔም ያንሳል፣ ጋሽ ኢብሮ ደግሞ በር ሲገባ አንገቱን ይሰብራል። በሐጂ ልክ የተቀደደ ካባ እሱ ላይ ወገቡ ድረስ ቢደርስ ነው፤ በእሱ ልክ የተቀደደው ሐጂን መሬት ለመሬት ይጎትታቸዋል። በጠመኔ ያሰምራል፣ ያጠፋል፣ ያሰምራል፣ ያጠፋል። የደንበኞቹ ሱሪ ተከመረ። ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ ማሾፉን ትተው ጨርቁን በሩቁ ያዩት ጀመር።

ፋጡማ አንድ ቀን ምሳ ይዛ መጥታ ይህን አየች። ሳህኑን አስቀመጠችና፣ ለማሾፍ ሳይሆን በቁም ነገር፣ እስከዛሬ ያላለችውን አለችው። «ላንተ ቅደደው። ጎሉን አገር ፊት ያንብቡትና ልስማው፤ ያን ቀን አምንሃለሁ።» ይህን ብላ ሄደች። እሱም ምሳውን ሳይነካ ዋለ።

በማግስቱ ደወለልኝ። ሐጂ ዘንድ ልሄድ ነው፣ አንቺም ነይ፣ ሴት ነሽ፣ ክርስቲያን ነሽ፣ ኳስ ታውቂያለሽ፣ ለማናችንም አታዳዪም አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሽምግልና ተጠርቼ ስለማላውቅ ደህና ልብሴን ለብሼ ሄድኩ።

ሐጂ ከመደቡ ላይ ተደግፈው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ጋሽ ኢብሮ ጫማውን አውልቆ ከሥራቸው ተቀመጠና፣ ለካባው ከመግባቱ በፊት፣ እንደ ልማዱ አማናውን ማስረከብ ጀመረ። ዛሬ የመጣው ሾፌር ነው አለ፣ ከድሬዳዋ፣ ደንገጎን እንደ ሐጂ የወጣው የለም ብሎ። ሐጂ አሜን አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ዘጉት።

«ኢብሮ፣ እኔን ደንገጎ ላይ ያየ ሰው ከሞተ ቆየ» አሉት። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሰላምታ የሚልክልኝ ማነው?»

ጋሽ ኢብሮ የሜትሩን ጫፍ ጣቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር። እኔ እሱን አያለሁ፣ እሱ መሬት ያያል። የአወዳዩ ነጋዴ፣ የሐረማያው ሽማግሌ፣ የየጁምዓው እንግዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ በመጀመሪያ ጥቂት እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱ እያለቁ ሲሄዱ ሌሎቹን የፈጠራቸው ራሱ ነው። አማና አማና ሲል የኖረ ሰው ሲዋሽ ኖሯል።

«እኔ ነኝ» አለ መጨረሻ ላይ። «ምስጋናው እውነት ነው። የላኪውን ስም ነው የቀየርኩት።»

ከዚያ ነገረን። ሐጂ ያሸነፉበት ቀን ነው፣ እሱ ትምህርት ቤት ያልገባ ትንሽ ልጅ ነው። አባቱ ሸዋ በር ለውዝ ይሸጡ ነበርና አብሮ ውሏል። ሰው ከግራ ከቀኝ መንገዱን ሞላው፤ እሱ የአባቱን እግር ይዞ በሰው መሃል ምንም አይታየውም። በድንገት ያ ሁሉ ሕዝብ ስሙን ጠራው። «እኔን በሙሉ ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች፣ እሷም ልትገርፈኝ ስትል» አላቸው። «የዛን ቀን አገር ሙሉ ኢብራሂም ሙሜ ብሎ በደስታ ጮኸ። እኔን መሰለኝ። ከአባቴ እጅ አምልጬ መንገዱ ላይ ወጣሁ፤ እርስዎ በአጠገቤ አለፉ። ከዛ ወዲያ ኳስ ስመታ፣ ስሮጥ፣ ያንን ድምፅ ስፈልግ ነው። በየጁምዓው መጥቼ አመሰግንዎታለሁ ማለት አፈርኩ፤ በሰው አፍ አስባልኩት።»

ሐጂ ከመደቡ ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸው እርጥብ ሆነ፤ እኔም የኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። ከዚያ እሳቸውም የበኩላቸውን አወጡ። ጎሉ የሳቸው እንዳልሆነ ጠፍቷቸው አይደለም። ወጣቶቹ የሚመጡት ስለ ጎሉ ሊጠይቁ ነው፤ እኔ አይደለሁም ያሏቸው ጊዜ ሻይ ሳይጠጡ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ስለ ቢስክሌት የሚጠይቅ ደግሞ የለም። ብቻቸውን ከመቀመጥ ጎል ማግባት ተሻላቸው። እኔ እንግዲህ ሽማግሌ ተብዬ የተጠራሁ ነኝና ፍርድ መስጠት ነበረብኝ፤ ሁለታችሁም ውሸታሞች ናችሁ አልኳቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ስለ ካባው ሐጂ ቀድመው ተናገሩ። ለራስህ ቅደደው፣ ለእኔ ከእንግዲህ ከፈን እንጂ ካባ ምን ያደርግልኛል አሉት። ጋሽ ኢብሮ ተነሳ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳበና እጃቸውን ይዞ አስነሳቸው። ከትከሻ ትከሻ ለካ፣ ከትከሻ ቁርጭምጭሚት ለካ። ሐጂ ሊከራከሩ ሲሉ ቀጥ ብለው ይቁሙ አላቸው፤ በሥራ ላይ ሲሆን ማንንም አይሰማም። እሳቸውም እንደተባሉት ቀጥ ብለው ቆሙ።

ፋጡማ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። መቆጣቷ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ አንድ ነገር ጨመረችበት። እውነት ጎሉ ያንተ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አትሰጥም ነበር፣ አሁን ገባኝ አለችው። ጋሽ ኢብሮ ይህን ሲነግረኝ የሐጂን ካባ ዘርፍ እየዘመዘመ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ጊዜ ብቻ ነው ግራ እግሩ ሲዝል ያየሁት።

በዓሉ አዲሱ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። እኔና ፋጡማ መሃል ላይ ተቀመጥን፤ እንዳትቀሪ ብሎ ስለለመናት ነው የመጣችው፣ ፊቷን ግን አልፈታችውም። ጋሽ ኢብሮ ወንበር ሞልቷል ብሎ ከኋላ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሐጂ መድረክ ላይ ወጡ፤ ካባው ላያቸው ላይ ልክ ነው፣ አንዲት ጣት አልተረፈም። አስተዋዋቂው ያንኑ የኮሚቴውን ታሪክ አነበበ፤ ቢስክሌት አሸነፉ፣ ቀጥለው ደግሞ ታሪካዊውን የኮርነር ጎል አገቡ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፋጡማ በጉልበቷ ገፋ አድርጋኝ፣ ይኸው፣ አላልኩሽም አለችኝ።

ሐጂ እንደ ሌሎቹ እጅ ነስተው አልወረዱም። ማይኩን ጠየቁ። አስተዋዋቂው ሰዓት የለም ሊላቸው ሲል ቀምተው ያዙት።

«ቢስክሌቱ የኔ ነው» አሉ። «ጎሉ የኔ አይደለም፤ በሰው ጎል ስበላ ኖሬያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። የዛን ቀን ከኮርነሩ ባንዲራ ጀርባ ዝናብ እየደበደበኝ ቆሜያለሁ። አስራ አንድ ቁጥሩ ልጅ ኳሷን አነሳትና በማልያው ጫፍ ጠረጋት። ጭቃ ሜዳ ላይ፣ በዝናብ፣ ጠረጋት። ሰው ሳቀበት። እሱ ግን ጠርጎ ጨርሶ አስቀመጣትና በግራው መታ። ያ ልጅ ያውላችሁ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል።»

አዳራሹ ወደ ኋላ ዞረ። ጋሽ ኢብሮ የሚገባበት ጠፍቶት በሩን ይዳብስ ጀመር። ፋጡማ ግን አልዞረችም፤ እጄን ጨምድዳ ይዛ ወደ መድረኩ እንዳፈጠጠች ቀረች። በማልያው ነው ያሉት አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ይህን ነገር እሱ ነግሮሽ ያውቃል አለችኝ፤ አያውቅም፣ ለማንም ነግሮ አያውቅም አልኳት። ይህ ሰው እኮ ሸሚዝ ፈጀብኝ አለች። መነጽር ቢሆን፣ ማንጎ ቢሆን፣ ወንበር ቢሆን በሸሚዙ ጫፍ ሳይጠርግ አይነካም፤ ከተጋባን ጀምሮ የምንጣላው በዚህ ነው አለችኝ። ከዚያም፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ወላሂ ገብታለች» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ አላሾፈችበትም። ሰው ሁሉ ደስ ያለው መስሎት ነበር፤ እሱ ግን በወሩ እኔ ዘንድ ስሞታ ይዞ መጣ። ጎሉን ሲጀምርላት ዝም ብላ ትሰማዋለች፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳታቋርጠው። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ምን ደስ ይላል፣ ተቃራኒ ቡድን የለውም አለኝ። ይህን ሲል ግን ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት ስሞታውን አታምኑትም ነበር።

እንግዲህ ያረፈው ይህ ሰው ነው። የዚያኑ ዕለት ተቀበረ። ትንሹ ኢብሮ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ ለማንም አልለቅ አለ፤ ሐጂ በተወለወለ ጫማቸው ምርኩዝ ይዘው እስከ መቃብሩ በእግራቸው ሄዱ። መኪና ግርግር አንድም መኪና አልተሰማም።

በሦስተኛው ቀን ፋጡማን ልጠይቅ ሄድኩ። ከባቢሌ የመጡ ዘመዶቿ ክፍሉን ሞልተውታል፤ አብዛኞቹ ሟቹን በሩቁ ነው የሚያውቁት። እሷ ከምንጣፉ ጥግ ተቀምጣለች፣ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። አንዷ አክስቷ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብላ ጠየቀቻት። ፋጡማ ስለ ደግነቱ ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ ዝናብ ነበር ብላ ጀመረች። ዝናቡን ከእሱ አብልጣ አወረደችው። የድሬዳዋውን በረኛ በር የማያስገባው ግዙፍ አደረገችው፤ ሰዉን አጥር ላይና ዛፍ ላይ ሰቀለችው። ያለቀሱት ሴቶች ተጠግተው ይሰማሉ። ኮርነሩ ላይ ስትደርስ ተቀምጣ መጨረስ አልቻለችም፤ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። በሻርፗ ጫፍ የማትታይ ኳስ ጠረገች፤ ጎንበስ ብላ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

አክስቷ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አንቺ ያኔ እዚያ ነበርሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

«ታዲያ የት ልሆን ኖሯል?» አለችና የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በግራ እግሯ መታች።